የበረዶ ተራራ ለሚመርጥ ቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ዕረፍት ለሰው ልጅ ከምግብና ከእንቅልፍ ቀጥሎ የሚያስፈልግ ነገር መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ዕረፍት የተባለው ነገር ገንዘብን ጨርሶ፤ አካልን አድክሞ፤ ባልና ሚስትን አጣልቶ የሚመልስ ከሆነ ዕረፍት ሊባል አይገባውም። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንናገረው፤ በአውሮጳ ለመንግሥት ሥራ ተልከው ወይም ኑሮአቸውን መሥርተው የሚኖሩ ወገኖቻችን በብርድ ወራት ከልጆቻቸው ጋራ ስለሚሄዱበት ስለ በረዶ ሸርተቴ፤ ማለት ስለ ስኪ ነው። ጨዋታው መልካም ነው። ንጹሕ አየር ያስተነፍሳል፤ ጕልበትን ያጠነክራል፤ ልጆችንም ከቤት ያወጣል። ክፉው ነገር የሚመጣው ከጨዋታው ሳይሆን ከምርጫው ነው፤ ብዙ ሰው ተራራውን የሚመርጠው በስሙ ነውና።

በጄኔቭ ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረ አንድ ወዳጄ የደረሰበትን እንዲህ ሲል አጫወተኝ። ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን፤ ከአገር ቤት ሊጠይቁት የመጡትን እናቱንም ይዞ፤ ስሙ በዓለም ወደ ገነነ አንድ የተራራ ከተማ ለሰባት ቀን ሄደ። የመረጠበትም ምክንያት ባልደረቦቹ ሁሉ ያንኑ ከተማ ሲያነሡ ይሰማ ስለ ነበረ ብቻ ነው። ተራራው እጅግ ብዙ ኪሎ ሜትር የመንሸራተቻ መንገድ ያለው ሲሆን፤ የመውጫው ቲኬት ዋጋም በዚያው ልክ ነበረ። ነገር ግን ወዳጄና ባለቤቱ ስኪ ማሰር ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ስለ ነበረ፤ ሳምንቱን ሙሉ የዋሉት በአንዲት አጭር መንገድ ላይ ነው። የቀረው ተራራ ሁሉ ለእነርሱ እንደ ሥዕል ነበረ። እናቱም በሆቴሉ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ሰነበቱ። በአምስተኛው ቀን፤ «ልጄ፤ ይህን ሁሉ ብር የከፈልኸው ለዚያች ለአንዲት ቍልቍለት ነውን?» ብለው ጠየቁት። ወዳጄም የሚመልሰው አጣ። ያወጣው ገንዘብ ልጆቹን በሐምሌ ወደ አገር ቤት ለማምጣት ያስቀመጠው ነበረና፤ በዚያ ዓመት ልጆቹ የአያታቸውን ቀዬ ሳያዩ ቀሩ።

የእናቲቱ ጥያቄ የምርጫው ሁሉ መጀመሪያ ነው። ለጨዋታና ለዕረፍት የሚሄድ ቤተ ሰብ ተራራውን መለካት የሚገባው በዝናው ሳይሆን ከመካከላቸው ደካማ በሆነው ሰው ጕልበት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለውም ምክር በዚሁ መሠረት ላይ የተሠራ ነው።

አንደኛ፤ የመንገዱን ቀለም ይመልከቱ። የበረዶ መንገዶች እንደ ክብደታቸው በቀለም ይለያሉ። በፈረንሳይ አገር አረንጓዴው ለጀማሪ፤ ሰማያዊው ለለመደ፤ ቀዩ ለበረታ፤ ጥቍሩ ለጐበዝ ነው። በስዊስና በኢጣልያ ግን አረንጓዴ ማድረግ ብዙም ያልተለመደ ስለ ሆነ አቈጣጠሩ ከሰማያዊ ይጀምራል። ስለዚህ የተራራው መንገድ በጠቅላላው ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ከዚያ ውስጥ አረንጓዴውና ሰማያዊው ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል። በዝግታ ለሚሄድ ሰው ኻያ ኪሎ ሜትር መልካም ሰማያዊ መንገድ ለሳምንት ይበቃዋል። ደግሞም በብዙ ጣቢያዎች ለጀማሪ ብቻ የሆነ ቦታ በርካሽ ቲኬት፤ አንዳንድ ጊዜም ያለ ዋጋ ይገኛል። ይህን ሳይጠይቁ የተራራውን ሁሉ ቲኬት መግዛት፤ አንድ ዳቦ ለሚበቃው ሰው ጋጋሪውን ከነምድጃው እንደ መግዛት ነው።

ሁለተኛ፤ ከፍታውን ይመልከቱ። አየሩ እየሞቀ ስለ ሄደ፤ በአልፕ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በታች ያለው በረዶ የማይታመን ሆኗል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. በአንሲ ከተማ አጠገብ የነበረው ላ ሳምቡዪ የተባለ ትንሽ የፈረንሳይ ጣቢያ በረዶ ስላነሰው ጨርሶ ተዘግቷል። ስለዚህ ርካሽ ነው ተብሎ ዝቅተኛውን ቦታ አስቀድሞ መከራየት፤ በሣር ላይ ለመቀመጥ ገንዘብ መክፈል ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እጅግ ከፍ ያለውም የራሱ ችግር አለበት፤ ዛፍ በማይበቅልበት ስፍራ ጉም ሲወርድ መንገዱ ከሰማዩ አይለይም። ለቤተ ሰብ የሚሻለው መኝታው ዝቅ ብሎ፤ መንሸራተቻው ግን ከ1,500 ሜትር በላይ ሆኖ፤ በዛፍ መካከል የሚያልፍ መንገድ ያለበት ነው።

ሦስተኛ፤ ጊዜውን ይምረጡ። በአውሮጳ ተራሮች ዋጋው እጅግ የሚንረው ከልደታቸው እስከ አዲስ ዓመታቸው ድረስ፤ እንደ ገናም ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት በየካቲት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት ሳምንታት ግን የረከሱ ናቸው፤ ከእኛም አቈጣጠር ጋራ ሲተያዩ የጥር ወር፤ የጥምቀት ሰሞን ነው። በረዶው በዚያን ጊዜ ደኅና ነው፤ ሰልፉም አጭር ነው። ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ወሩ አብዛኛውን ጊዜ ፍስክ ስለ ሆነም በተራራ ቤቶች የሚቀርበው ፎንዱ የሚባለው የቀለጠ አይብ ለእኛ ሰው አይከለከልም። በመጋቢት ለሚሄድ ጾመኛ ግን ስንቁን ከቤቱ መያዝ ይሻለዋል፤ በተራራ ላይ ያለ አይብና ያለ ሥጋ የሚቀርብ ምግብ ጥቂት ነውና።

አራተኛ፤ ወጪውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፉ። ሰው የሚሳሳተው ሆቴሉን ብቻ አይቶ ርካሽ ነው ስለሚል ነው። መኝታ፤ የመውጫ ቲኬት፤ የስኪና የጫማ ኪራይ፤ የአስተማሪ ዋጋ፤ ምግብ፤ የመንገድ ወጪ፤ እነዚህ ስድስቱ ተደምረው በሰው ቍጥር ካልተካፈሉ እውነተኛው ዋጋ አይታወቅም። ልጆች ያሉት ሰው ስኪውን በተራራው ላይ በየቀኑ ከሚከራይ፤ በከተማ ለወራቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢከራይ ይጠቀማል። በአስተማሪ ዋጋ ግን መቈጠብ አይገባም። ባል ሚስቱን በቍልቍለት ላይ ላስተምር ያለ እንደ ሆነ ትምህርቱ በቶሎ ወደ ክርክር ይለወጣልና፤ ከሌሎች ጀማሪዎች ጋራ በቡድን መማር ለኪስም ለትዳርም ይበጃል።

ስለ ቲኬቱም አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ የስዊስ ተራሮች የቲኬት ዋጋ እንደ ቀኑ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ፤ ቀድሞ የገዛ ሰው ይጠቀማል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሳስ ፌ የተባለው ጣቢያ የወራቱን ሁሉ ቲኬት በ222 ፍራንክ አቅርቦ ገበያውን አስደነቀ። በማግሥቱ በ2017 ዓ.ም. ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ተባብረው በአንድ ቲኬት በሁሉም የሚያስወጣ ማጂክ ፓስ የተባለውን በ359 ፍራንክ ጀመሩ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል፤ ቢሆንም የመጪውን ብርድ ወራት ቲኬት በጸደይ አስቀድሞ የገዛ ሰው ዘግይቶ ከሚገዛው ያነሰ ይከፍላል። በዓመት ሦስት ቀን ብቻ የሚወጣ ሰው ግን የወራቱን ቲኬት ከመግዛቱ በፊት ሂሳቡን ማካፈል አለበት።

አሁን ለምሳሌ የሚሆኑ ስፍራዎችን እንጥቀስ። በጄኔቭ ላሉ ሰዎች ሌዛን መልካም ነው። ከተማው በ1,250 ሜትር ላይ ያለ ሲሆን፤ ቀድሞ የሳንባ ሕመምተኞች በፀሐይ ይታከሙበት የነበረ ነው። ከኤግል ከተማ ባለ ጥርስ ሐዲድ ባቡር ይወጣል፤ በርኖዝ የተባለው ጫፍ 2,048 ሜትር ይደርሳል፤ ከማጂክ ፓስ ማኅበርተኞችም አንዱ ነው። በኢጣልያ የአኦስታ ከተማ አለች። የሮማውያን ጥንታዊ ከተማ ስትሆን፤ ሰው በከተማይቱ በመጠነኛ ዋጋ አድሮ፤ በሽቦ ገመድ በሚሳብ ጎንዶላ በኻያ ደቂቃ ያህል ወደ ፒላ፤ ወደ 1,800 ሜትር ይወጣል። ሆኖም ከጄኔቭ በመኪና የሚሄድ ሰው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. የተከፈተውን 11.6 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የሞን ብላን ዋሻ ሲያልፍ የሚከፍለው ቀረጥ ከባድ መሆኑን አይዘንጋ። ሳምንት ሙሉ ለመቀመጥ ከሩቅ የሚመጣ ቤተ ሰብ ደግሞ በቡልጋርያ ባንስኮን ቢመለከት፤ መኝታውም ምግቡም ከአልፕ ከተሞች እጅግ የረከሰ ነው። በተጨናነቀ ቀን ጧት በጎንዶላው በር ሰልፍ ስላለ ግን ማለዳ መነሣት ያስፈልጋል።

ቍልቍለት የማይወድ ሰውም ከጨዋታው አይቀርም። በሜዳና በጫካ መካከል በዝግታ የሚኬድበት ሌላ ዐይነት ስኪ አለ፤ ወደ ላይ የሚስብ ማሽን ስለማይፈልግ ዋጋው ጥቂት ነው። አገራችንም በዚህ ስም አላት። አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በቶሪኖው የብርድ ወራት ኦሎምፒክ በዚሁ በሜዳ ስኪ ሲወዳደር፤ በዚያ ጨዋታ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2010 ዓ.ም. በቫንኩቨርም እንደ ገና ተወዳድሯል። አረጋውያንም ቢሆኑ በተጠረገ የእግር መንገድ በፀሐይ መናፈስ ይችላሉና፤ ስፍራው እንዲህ ያለ መንገድ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ደኅንነት ይቀድማል። ኢንሹራንስ ያልያዘ ሰው እግሩ ቢሰበር፤ ከተራራው ላይ ያወረዱበትን ዋጋ ሲጠይቁት ርካሹ ዕረፍት እጅግ ውድ ይሆንበታል። በኢጣልያ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ኢንሹራንስ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ የራስ መከላከያ ቆብም ከ2025 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት ወዲህ ለትልቁም ለትንሹም ታዟል። ከላይ የሚመጣ ሰው በታቹ ላለው መጠንቀቅ እንደሚገባውም ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ይማሩ።

ወዳጄ በተከታዩ ዓመት ምን አደረገ? ልጆቹ በጥር ትምህርት ላይ ስለ ነበሩ ሳምንት መቀመጥ አልቻለም። ስለዚህ ሦስት ቅዳሜ እየመረጠ፤ ስንቁን አስይዞ ጧት በባቡር ወደ ሌዛን እየወጣ፤ ማታ ቤቱ እየገባ አደረ። የመኝታ ወጪ ጨርሶ አልነበረበትም። ባለቤቱ በሦስተኛው ቅዳሜ ሰማያዊውን መንገድ ሳትወድቅ ወረደች፤ ልጆቹም ከአባታቸው ቀደሙ። በሐምሌም ስድስት ቲኬት ሳይሆን አምስት ቲኬት ቈርጦ ወደ አገር ቤት መጣ፤ ስድስተኛዋ እናቱ ቀድመው ገብተው በደጃፋቸው ይጠብቁት ነበርና። «ዳገቲቱስ?» ብለው ቢጠይቁት፤ «ዘንድሮ በዋጋዋ ገዛናት» ብሎ መለሰላቸው።