የአስርዮሽ ድምር፦ ከወረቀት በፊት በአእምሮ

3.5 እና 2.75 ሲደመሩ 5.80 ይሆናሉ ብሎ የሚመልስ ተማሪ መደመር እንደማይችል ይቆጠራል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ተማሪው ሦስትን ከሁለት፣ አምስትን ከሰባ አምስት ጋር ያለ እንከን ደምሯል፤ የሳተው ከነጥቡ በስተቀኝ ያለው 5 አምስት አሥረኛ፣ ማለትም ሃምሳ መቶኛ፣ መሆኑን ነው። ሦስት ብር ከአምስት ሳንቲም የተጻፈ መስሎታል።

ለዚህ ስሕተት የሚታዘዘው መድኃኒት ነጥብን ከነጥብ ሥር አስተካክሎ መጻፍና ባዶውን ቦታ በዜሮ መሙላት ነው። መልሱ ይቃናል፤ አስተሳሰቡ ግን ሳይነካ ይቀራል። ፈተና መልሱን ብቻ የሚያይ ከሆነ ጉድለቱ እንደተሸፈነ ከተማሪው ጋር ወደ ላይኛው ክፍል ይዛወራል።

በአእምሮ የሚደምር ተማሪ እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። 4.75 እና 2.5ን ለመደመር ከሁለተኛው ቁጥር 0.25 ወስዶ የመጀመሪያውን 5 ያደርጋል፤ የቀረውን 2.25 ሲጨምርበት 7.25 ያገኛል። ከ2.5 ላይ 0.25 ሲነሣ ምን እንደሚተርፍ ለማወቅ ደግሞ አምስቱን አሥረኛ በመቶኛ መመንዘር ግድ ይለዋል። የቦታ ዋጋን የሚማረው እዚህ ላይ ነው። 3.98 እና 2.47ም 4 እና 2.45 ሲሆኑ ድምራቸው 6.45 እንደሆነ ያለ እርሳስ ይታያል።

ሲሞን ስቴቪን በ1585 እ.ኤ.አ. አስርዮሽን ለቀያሾችና ለነጋዴዎች ባስተዋወቀበት ሥራው የነጥብ ምልክት አልተጠቀመም፤ የእያንዳንዱን አኃዝ ደረጃ በክብ ውስጥ በተጻፈ ቁጥር ያመለክት ነበር። አጻጻፉ አድካሚ ቢሆንም የቦታ ዋጋን ከዓይን አይሰውርም። በአማርኛም «ሁለት ነጥብ ሰባ አምስት» ከማለት ይልቅ «ሁለት ከሰባ አምስት መቶኛ» ማለት ይኸንኑ ጥቅም ይሰጣል፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት።

የአእምሮ ስሌት የማስታወስ አቅምን ያጨናንቃል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው። 18.647 እና 9.385ን በአእምሮ ደምር ማለት ከትምህርት ይልቅ ለቅጣት ይቀርባል። ስለሆነም ስሌቱ በአሥረኛና በመቶኛ ተወስኖ ከወረቀቱ ዘዴ መቅደም አለበት፤ ዛሬ እንደሚታየው በምዕራፉ መጨረሻ ጊዜ ከተረፈ የሚሠራ መልመጃ መሆን የለበትም። መምህሩም ድምሩን ከመጠየቁ በፊት የ3.5 እና የ2.75 ድምር ከ6 ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ይጠይቅ። ግማሽና ሦስት ሩብ አንድ ላይ ከአንድ እንደሚበልጡ ያየ ተማሪ 5.80ን በገዛ እጁ ይሰርዛል።