«ኖረው» አትበሉኝ

በአገራችን ተዋናይ ሲመሰገን የማትቀር አንዲት ቃል አለች። «አልተወነም እኮ፤ ኖረው!» ትላለች። ገምጋሚው በጋዜጣ ይጽፋታል፣ ጠያቂው በቴሌቪዥን ይደግማታል፣ ተመልካቹም በቅንነት ይቸራታል። ተዋናዩ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ «አመሰግናለሁ» ይላል። እኔ ግን ይህች ምስጋና ለሙያችን ስድብ ናት ባይ ነኝ። አናጢ ያማረ ጠረጴዛ ሲያወጣ «አልሠራውም፤ ሆነው» ይባላል እንዴ?

ለመሆኑ ምኑን ነው የኖርነው? ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው «ኦቴሎ» ዴዝዴሞና በባሏ እጅ ታፍና ትሞታለች። ኦቴሎን የያዘው ሰው ነገሩን የሚኖረው ቢሆን ኖሮ ቴአትር ቤቱ በየሳምንቱ አዲስ ተዋናይት ይቀጥር ነበር። ሰውየው ግን ጣቶቹ የት ላይ መቆም እንዳለባቸው ያውቃል። መብራቱ ፊቷን እንዳይስተው ክንዱን ዝቅ ያደርጋል፤ ከኋላ የተቀመጠው እንዲሰማው ቃሉን ይስባል። በቅናት ያበደ ሰው ይህን ሁሉ አይችልም።

«ይኼ የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚለኝ ካለ ለቅሶ ቤት ሄዶ አስለቃሿን ይመልከት። ሟቹን በወጉ አታውቀው ይሆናል። የአባቱን ሙያ፣ የልጆቹን ስም፣ ያገለገለበትን አገር አስቀድማ ጠይቃ ትይዛለች። የት ላይ ድምጿን እንደምትሰብር፣ የት ላይ ለአፍታ ዝም እንደምትል ታውቃለች። ዘመድ አዝማዱ ደረቱን ሲደቃ እሷ የሚቀጥለውን ስንኝ ቤት መምቻ እየፈለገች ነው። አብራ ብትንፈራፈር ማን ያስለቅስ? ፈረንሳዊው ዲዴሮ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ተዋናይ የጻፈው ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም። የስታኒስላቭስኪን ስም የሚጠሩብኝም አሉ። እሱ እኮ ልምምድ በልምምድ ላይ ሲከምር፣ የድምፅና የአካል ሥልጠና ሲያስጠና ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው!

ወጋየሁ ንጋቱስ? የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ በአንድ ጉሮሮ ፊታውራሪ መሸሻን ያስቆጣል፣ ጉዱ ካሣን ያናግራል፣ ሰብለ ወንጌልን ያስተክዛል። የትኛቸውን ኖረ ልንል ነው? እኔ መጽሐፉን በገለጥኩ ቁጥር እስከ ዛሬ በሱ ድምፅ ነው የማነበው። እዚያ ድምፅ ውስጥ የተለካ ትንፋሽ እንጂ የጠፋ ሰው አልሰማም።

«ቃል ነው፤ ምን ይጎዳል?» ትሉ ይሆናል። ይጎዳል። ኖረው ከተባልኩ እሱ ነኝ ማለት ነዋ! በአንድ ተከታታይ ድራማ አራጣ አበዳሪ ከሆንኩ ወዲህ በሰፈሬ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ጠፍቷል። በዕድራችን የገንዘብ ያዥ ምርጫ ላይ ስጠቆም ቤቱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ ብቻ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ተመረጠ። አንድ ፕሮዲዩሰር ደግሞ «አንተ እኮ ለክፉ ሰው የተፈጠርክ ነህ» አለኝ፤ ሊያሞግሰኝ ፈልጎ። ለሴቶቹማ ይብሳል። ሴተኛ አዳሪ ሆና የተጫወተች እህታችን ታክሲ ውስጥ የምትሰማውን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን አዲስ የሚመጣው ወጣት ነው። መኖር ይበቃል ከተባለ ለምን ይለማመድ? ቃለ ተውኔቱን በጨረፍታ አይቶ፣ መልኩን ይዞ ይመጣል። ፖስተሩ ላይ ፊቱ ይሰፋል፣ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ግን ድምፁ አይደርስም። ተመልካቹ ፊቱን ለምዶታልና ያጨበጭባል፤ በማግስቱ ጋዜጣው «ኖረው» ይለዋል። ድምፅህ አይሰማም ብሎ የሚነግረው ሳያገኝ ዝነኛ ይሆናል።

እኔን ሊያመሰግን የሚፈልግ ካለ ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከመክተቴ በፊት ያለችውን ዝምታ እንዴት እንዳገኘኋት ይጠይቀኝ። ሦስት ሳምንት ፈጅታብኛለች።