«ከሰዓት ነኝ» ማለት ያልቻለው ጠባቂ

ሰበታ ውስጥ ከፋብሪካ ጥበቃዎች ጋር ሻይ የጠጣ ሰው «ዛሬ ከሰዓት ነኝ» ሲሉ ይሰማል። ስምንት ሰዓት ገብቼ ማታ አራት ሰዓት እወጣለሁ ማለታቸው ነው። አንዱ «ሌሊት ነኝ» ይላል፤ ሌላው «ነገ ኦፍ ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቀያሪው ሩብ ሰዓት ከዘገየ ጭቅጭቅ ይነሳል፣ የርክክብ መዝገብ ይወጣል፣ ፊርማ ይፈረማል። ይህን ጭቅጭቅ ስሰማ ደስ ይለኛል። መውጫ ሰዓት ያለው ሰው ነው በመዘግየት የሚጣላው።

እኔ የቤት ኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ነኝ። እንጀራዬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉ ጅምር ቤቶች ናቸው፤ ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ክፍለ ከተማ ሆነዋል። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ «ከሰዓት ነኝ» የሚል ጠባቂ አላጋጠመኝም። ጠባቂው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መስኮት ያልገባለት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ወይም ግቢው ጥግ በተመታች ቆርቆሮ ቤት ይኖራል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ነው። ስለ ክፍያው ሲነሳ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «እሱ እኮ የሚጠብቅልኝ ማታ ማታ ነው፤ ቀን የራሱ ነው። ቤቱንም በነፃ ይኖርበታል።»

ያ «የራሱ» የተባለው ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ቡራዩ አንድ ግቢ ውስጥ ቱቦ ስቀብር አይቻለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መጣ። የሚራገፍበትን ቦታ ያሳየው፣ መኪናው የጎረቤት አጥር እንዳይነካ እጁን እያወዛወዘ የመራው፣ ለባለቤቱ ደውሎ «ገብቷል» ያለው ጠባቂው ነው። ብዙም ሳይቆይ ውሃ መጣ ተባለ፤ ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በተራ ስለሆነ በርሜሉን መሙላት አለበት። ከዚያ በጄሪካን እየተሸከመ መሰላል ወጥቶ ትናንት የተሞላውን ሶሌታ አጠጣ፤ ካላጠጣው ይሰነጠቃል። አሥር ሰዓት ሲሆን እኔ ዘንድ መጥቶ ጥቅል ገመዱን፣ ብሬከሩንና የሶኬት ካርቶኑን አንድ በአንድ ቆጥሮ ተረከበኝ። ማታው ገና አልደረሰም።

ጅምር ቤት የሚዘረፍበት ሰዓት ደግሞ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ሌሊት ውሻው ይጮኻል፣ ጎረቤት ይነቃል፣ ባትሪ ይበራል። አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ግን ግንበኛውና የቀን ሠራተኛው እየወጡ ነው፤ በሩ ክፍት ነው፤ ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚወጣን ሰው ማንም አይጠረጥርም። ገመድ ውስጡ መዳብ ነው፣ መዳብ በኪሎ ይሸጣል። ዕቃዬን ያዳነልኝ ሰው ዓይኑ ከበሩ ያልተነቀለው በዚያ ግርግር ሰዓት ነው፤ ለዚያ ሰዓት ግን አንድ ሳንቲም አይቆረጥለትም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በላይ ያሠራ አሠሪ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት የደመወዙን አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ላለው አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይከፍላል። የሰበታው ጥበቃ «ከሰዓት ነኝ» ሲል ይህ ሕግ ከኋላው አለ። ይኸው አዋጅ ግን ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል። ለራሱ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የቀጠረው ጠባቂ፣ ከቤት ሠራተኛዋ ጋር፣ የቀረው እዚያ ውጭ ነው። የሚጠጋበት ቢኖር አሠሪው ዘንድ ለሚኖር አገልጋይ ጥቂት አንቀጾች ያሉት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ተጠግቶበት ሲከራከር ግን አይቼ አላውቅም።

ሱሉልታ ብዙ ጊዜ የምሠራበት ግቢ ጠባቂ ሽማግሌ ናቸው። ከሰዓት ነፋሱ ሲጀምር ካቦርታቸውን ደርበው በር ላይ ይቆማሉ። በኦሮምኛ «አካም ኦልታን፣ አባባ» ስላቸው «ነጋ፣ ልጄ» ብለው ይመርቁኛል። የልጅ ልጅ ያላቸው ሰው ናቸው። ባለቤቱ ግን በስልክ «ልጁን ጠይቀውና ቁልፉን ይሰጥሃል» ይለኛል። ዘበኛ፣ ዋርድያ፣ ጥበቃ፣ ሴኩሪቲ፤ ስሙ በየዘመኑ ተቀያይሯል። የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ጠባቂ ጦር እንኳ ክቡር ዘበኛ ነበር የሚባለው። በየትኛውም ስም ቢጠሯቸው አልከራከርም፤ «ልጁ» ግን ይቅር።

ለባለቤቶች የምለው ይህን ነው። ማደሪያ መስጠት ደመወዝ መክፈል አይደለም፤ ጠባቂው እዚያ የሚያድረው ለእናንተ ብረትና ሲሚንቶ ሲባል ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ቀን ዕቃ ሲረከብና ሶሌታ ሲያጠጣ ምን እንደሚታሰብለት፣ በሳምንት የትኛው ቀን ኦፍ እንደሆነና ያን ቀን ማን እንደሚተካው ጻፉ። ቤቱ ሲያልቅ ምን እንደሚሆንም ጻፉ። ለዓመታት የጠበቀ ሰው ቀለም በተቀባ ሳምንት ከነልጆቹ «ውጣ» ሲባል አይቻለሁ፤ የልጆቹ ትምህርት ገና አላለቀም ነበር። መንግሥትም ለግል አገልግሎት ተቀጣሪዎች የሥራ ሁኔታቸውን የሚወስን ደንብ ያውጣላቸው።

እኔ የሥራ ዋጋ ሳቀርብ ከገመዱና ከቱቦው ዝርዝር በታች «ዕቃ ተረካቢ፣ ከሰዓት» የሚል መስመር አስገባለሁ። የሚሰርዙት ባለቤቶች አሉ፤ ለምን እንደጻፍኩት አስረዳቸዋለሁ። ሳይሰርዝ የሚፈርም ሲገኝ ገንዘቡን በየሳምንቱ ቅዳሜ ለጠባቂው እቆጥርለታለሁ፤ እሱም የተረከበበትን ሰዓት ጽፎ ይፈርምልኛል።