ስሌቱ መብራት አይጠፋበትም

ጀሞ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የቤቱ ዋይፋይ ከራውተሩ ጋር ድርግም ይላል፤ ነዋሪው በአንድ ጊዜ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራል፤ አንቴናው ደግሞ ያን ሰዓት በባትሪ ላይ ነው። ተጠቃሚ የሚበዛው አቅም ሲሳሳ ነው። ከጨረታ ሰነድ ጋር ተያይዞ በሚመጣው የአገልግሎት አስተማማኝነት ስሌት ውስጥ ግን ይህ የለም።

ስሌቱን ሁሉም ይሠራዋል። መሣሪያው ሳይበላሽ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ፣ የጥገናው ጊዜ ሲደመርበት ለሚገኘው ይካፈላል። 99.9 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ገደማ መቋረጥ ነው። እዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ማባዛት ነው። እያንዳንዳቸው 99 በመቶ የሚሠሩ ሁለት መስመሮች አሉን ይባላል፤ 1 በመቶ በ1 በመቶ ይባዛና 99.99 ይወጣል፤ በዓመት 53 ደቂቃ ያህል ብቻ! ማባዛት የሚቻለው ግን የአንዱ መጥፋት ከሌላው መጥፋት ጋር ካልተያያዘ ነው። ከጎተራ ወደ ሳሪስ ሁለቱ ፋይበሮች በአንድ ቦይ ከተቀበሩ አንድ እስካቫተር ለሁለቱም ይበቃል። መሣሪያዎቹ ከአንድ ትራንስፎርመር የሚመገቡ ከሆነም ያው ነው። የብልሽታቸው ምክንያት ሁሉ የጋራ ከሆነ 53ቱ ደቂቃ 87 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

«ከሁለት ኩባንያ ነው የገዛነው» የሚል መልስም አይበቃም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2022 አገልግሎት የጀመረው ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር መሠረተ ልማት ለመጋራት ተስማምቶ ነው። መጋራቱ ተገቢ ነው፤ ወጪ ይቀንሳል። ሁለት ውል ስለተፈረመ ግን ሁለት ጉድጓድ አይቆፈርም።

ፍላጎትን የምናሰላበት መንገድም ከዚህ አይሻልም። የኮፐንሃገኑ የስልክ ኩባንያ የሒሳብ ሊቅ ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1917 ያሳተመው ዝነኛ ቀመር፣ መስመር ያጣ ደዋይ ትቶት ይሄዳል ብሎ ይነሳል። እኛ ጋ ማን ትቶት ይሄዳል? ቴሌብር አልሄድ ያለው ሰው ደጋግሞ ይጫናል። ባንክ ውስጥ «ሲስተም የለም» ሲባል ሰልፉ አይበተንም፤ ሲስተሙ ሲመለስ ሁሉም እኩል ይጋፋል። ስለ ደጋሚ ደዋይ የተሠሩ ሞዴሎች ሞልተዋል፤ ሰነዶቻችን ውስጥ ግን እምብዛም አይታዩም።

መሐንዲሶች የጋራ ብልሽት ለስሌት አይመችም ይላሉ። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ባለሙያዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለብቻው ያሰሉታል። እዚህ የሚቸግረው የቦዩን ካርታ ማግኘት ነው። ስለዚህ ላፍቶም ሆነ ለቡ ሁለተኛ መስመር የሚገዛ ድርጅት ከመቶኛው በፊት ሁለቱ ፋይበሮች ከየትኛው ጉድጓድ ጀምሮ እንደሚለያዩ፣ መሣሪያዎቹም ከየትኞቹ ትራንስፎርመሮች እንደሚመገቡ በሥዕል ይጠይቅ። ሥዕሉ ካልመጣ ሁለቱን እንደ አንድ ይቁጠር፤ ዋጋውንም የአንድ ይክፈል።