የጋራ ቤታችን ቁልፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ባለፈው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እኔ በምኖርበት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት ዐረፉ። ልጃቸው «ብቻዎን አይቀመጡ» ብሎ ከሉማሜ አካባቢ ካመጣቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቆብ የጫኑ ስለነበሩ የብሎካችን ሰው ሁሉ፣ ሙስሊሙም ጭምር፣ እማሆይ ይላቸዋል። የደብረ ማርቆስ ልጅ መሆኔን ከሰሙ ወዲህ በደረጃው ላይ ስንገናኝ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ስለ ሀገር ቤት ዝናብና ስለ ጤፉ አያያዝ ይጠይቁኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ እዚህ ሰው ሲሞት የት ተቀምጦ ይለቀሳል?» አሉኝ። «ኧረ እማሆይ፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ» ብዬ ሳቅሁና አለፍሁ። ጥያቄያቸውን አልመለስሁላቸውም።

መልሱ የተገኘው እርሳቸው ባረፉበት ቀን ነው። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም። ሣጥኑ በደረጃው መታጠፊያ አላልፍ ስላለ አራት ወጣቶች ወደ ላይ አቁመው፣ እንደ ቁም ሳጥን እያዘነበሉ አወረዱት። አንደኛው ከሁለተኛ ፎቅ የመጣ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። ድንኳን ለመትከል የመኪና ማቆሚያውን ብንመለከት ሞልቷል፤ የሁለቱ መኪኖች ባለቤቶች እስኪገኙ ድረስ ቀኑ መሸ። በዚያ ላይ የነሐሴ ዝናብ ነው። ሴቶቹ ንፍሮውን የቀቀሉት በምድር ቤቱ መተላለፊያ ላይ፣ በአንድ ሱቅ በር ሥር ነው። ለቅሶ ደራሹ ከፊሉ በድንኳኑ ጠርዝ ውኃ እየወረደበት፣ ከፊሉ በደረጃው ላይ በየእርከኑ ተደርድሮ ተቀመጠ። ከድንኳኑ ሃያ ርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ግን ሰፊ፣ ጣሪያው ያማረ፣ ውኃና መብራት የገባለት ቤት ነበረ። ሲሠራ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለዝክር፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ እንዲሆን የተሠራ የጋራ መገልገያችን ነው፤ ነዋሪው ኮሙናል ይለዋል። በሩ በሰንሰለት ተቆልፏል። ውስጡ ሲሚንቶና የቀለም ጣሳ ነው። አከራይተነዋል።

አከራይተነዋል ስል ራሴን ማውጣት አልችልም። ከሁለት ዓመት በፊት በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ «ይከራይ» ለሚለው ሐሳብ እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ለመሄድ ቸኩዬ ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መርሐ ግብር ነበረኝ። ይህን የምጽፈውም በዚያ ቀን የፈጸምነው በደል እንጂ የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ አለመሆኑን ስላመንሁ ነው።

እንዲህ ያለው አኗኗር ለሀገራችን አዲስ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአዲስ አበባው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀመረ። ከዚያ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እየተባለ ከተማው በየአቅጣጫው ተዘረጋ። በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በሚል በአዲስ መልክ ምዝገባ ሲደረግ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተመዝግቧል። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነው። ርስትን በዕጣ መከፋፈል በኢያሱ ዘመንም የነበረ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን እስራኤል ዕጣ የተጣጣሉት በየነገዳቸው ነበርና ጎረቤቱ ያው ወገኑ ነው። እኛን ግን ዕጣው ወሎዬውን ከጉራጌው፣ ጡረተኛውን ከአዲስ ሙሽራው አጎራበተን። ከባሻ ወልዴ ችሎትና ከልደታ ሰፈራቸው ፈርሶ የመጡ ብዙዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ለእድራቸው ሲሉ ዛሬም በሁለት ታክሲ ወደ ቀድሞው ሰፈር ይመላለሳሉ።

መሐንዲሶቹን በዚህ አጋጣሚ ላመስግናቸው። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ የላይኛው ፎቅ ውኃ የሚያገኘው ሌሊት ነው፣ ቡና በሙቀጫ ሲወቀጥ የታችኛው ቤት ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። (እማሆይ ሙቀጫውን በታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጠው ይወቅጡ ነበር፤ ከታች ያለው ሕፃን እንዳይነቃ።) ይሁን እንጂ ንድፉን ያወጡት ሰዎች የኢትዮጵያዊን ኑሮ ያውቁ ነበር። በስቱዲዮ ውስጥ በግ እንደማይታረድ፣ በአንድ መኝታ ቤት ውስጥ ለቅሶ እንደማይቀመጡበት ተረድተው ያን ቤት ለብቻው ሠሩልን። እነርሱ ያሰቡልንን እኛ ባለቤቶቹ አቃለልነው።

ይህ ለደብረ ማርቆስ ሰው ምኑ ነው የሚል አይጠፋም። እስካሁን የከተማችን ሰው ቤት ቢያንስ ግቢ አለው፤ ግቢው ቢጠብብ የጎረቤት ግቢ አለ፤ ድንኳኑ አጥር ዘሎም ቢሆን ይተከላል። ነገር ግን የመንቆረር መሬት አልሰፋም፣ ሰው ግን በዝቷል። በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው በዝግ ሒሳብ እየቆጠቡ ቦታ የሚጠባበቁ ወንድሞችና እኅቶች በሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥም አሉ፤ ፎቁም እየመጣ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ልጆቻችሁ በአዲስ አበባ ቤት ደርሷቸው «እናቴን ላምጣት» ይሏችኋል። እንግዲህ የእማሆይ ጥያቄ ወደ እናንተም እየመጣ ነው።

በሰገነት ላይ መኖር ለክርስትና እንግዳ ነገር አይደለም። ሐዋርያት በጸሎት ይተጉ የነበረው በደርብ ቤት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ የጣለው አውጤኪስ የወደቀው ከሦስተኛው ደርብ ነበር (ሐዋ. 20)፤ ሐዋርያውም ትምህርቱን አቋርጦ ወርዶ አቀፈው። ከዚያ አስቀድሞ የኦሪቱ ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ፣ ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን አዝዟል (ዘዳ. 22፥8)። ይህን ሕግ ልብ በሉት። ስለ መሥዋዕት ወይም ስለ ጾም የተነገረ አይደለም፤ ስለ ግንብ ጫፍ ነው። እግዚአብሔር ጎረቤት ሊጎዳበት ስለሚችልበት የቤት ማዕዘን ይጠይቃል። የተሰበረ የደረጃ መደገፊያ፣ አምፖሉ የተቃጠለ መተላለፊያ፣ የተቆለፈ የለቅሶ ቤት ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው ብሎ ማን ሊከራከር ይችላል?

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንድ ስብከቱ በሰዎች መካከል ጠብ የሚነሣው «የእኔ» እና «የአንተ» በሚሉት ቃላት ምክንያት መሆኑን፣ የጋራ በሆኑት በፀሐይ፣ በአየር፣ በአደባባይና በመታጠቢያ ግን ማንም ሲጣላ እንደማይታይ አስተምሯል። የአባታችን ትምህርት እውነት ነው። በእኛ ሕንፃ ግን ሌላ ደዌ አየሁ፤ በጋራው ነገር የማንጣላው ስለተስማማን አይደለም፣ ማንም ስለማይፈልገው ነው። ሁሉም በሩን በብረት አጠናክሮ፣ ሴራሚክ አንጥፎ፣ ከደፉ ውጭ ያለውን «የማኅበሩ ነው» ይላል። ማኅበሩ ደግሞ እርሱ ራሱ ነው። በአዋጁ መሠረት ቤት የገዛ ሰው የገዛው ክፍሉን ብቻ አይደለም፤ ከደረጃው፣ ከጣሪያው፣ ከግቢው ያልተከፋፈለ ድርሻ አለው፤ ድርሻውንም ከቤቱ ነጥሎ መሸጥ አይችልም። ሕጉ ከእኛ ይልቅ ወደ አባቶች አኗኗር ቀርቧል ብዬ ብናገር ማጋነን አይሆንብኝም።

ቤተ ክርስቲያናችን በአንድ ቅጥር ውስጥ አብሮ የመኖርን ጥበብ ከሌላ የምትበደር አይደለችም። አባ ጳኩሚስ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በላይኛው ግብፅ መነኮሳትን በአንድ ቅጥር ሲሰበስብ በየቤቱ ከፍሎ፣ ለየቤቱ አለቃ ሾሞ፣ አገልግሎቱን በየሳምንቱ ተራ አድርጎ ነው። ሥርዓቱ ወደ እኛም መጥቶ፣ ንብረታቸው አንድ፣ ማዕዳቸው አንድ የሆኑትን ገዳማት አንድነት ገዳም፣ እያንዳንዱ መነኩሴ ለራሱ የሚተዳደርባቸውን ቁሪት እንላቸዋለን። ሁለቱም የተባረኩ ናቸው። የእኛ ሕንፃ ግን ቅጥሩ የአንድነት፣ ኑሮው የቁሪት ሆኖ ቀርቷል፤ ከቁሪትም ጸሎቱ የጎደለው። ጳኩሚስን ሳስብ የሚገርመኝ የጸሎቱ ብዛት ሳይሆን ተራው ነው። ማን ውኃ ይቀዳል፣ ማን ይጠርጋል፣ ማን የታመመውን ያያል የሚለው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ፍቅር በስሜት ላይ ብቻ ሲቆም በሦስተኛው ሳምንት እንደሚደክም ያውቁ ነበር መሰለኝ።

አሁን ወደ ኪራዩ ልመለስ፤ የሌላውን ወገን ሐሳብ ሳላቀርብ ማለፍ ትክክል አይደለምና። ቤቱን ያከራየነው ከስግብግብነት ብቻ አይደለም። በኪራዩ የሁለት ጥበቃዎች ደመወዝ ይከፈላል፤ የውኃ መግፊያው ሞተር ሲቃጠል የተሠራው በዚያ ገንዘብ ነው፤ ሁለቱ ሮቶዎችም ከዚያው ተገዙ። ወርኃዊ መዋጮ በሚጠየቅበት ጊዜ በስቱዲዮ የሚኖሩ፣ በጡረታ የሚተዳደሩ፣ የባንክ ዕዳቸውን ለመክፈል የሚቸገሩ ሰዎች አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ። ኪራዩ ከዚያ ኀፍረት አድኗቸዋል። «ቤቱ በዓመት አራት ጊዜ ለለቅሶ ከሚከፈት ዓመቱን ሙሉ ለድኻው ገንዘብ ቢያመጣ ይሻላል» የሚለው የሒሳብ ሹማችን ክርክር ቀላል አይደለም። ደግ ሰው ነው፤ የእማሆይን ሣጥን ከተሸከሙት አንዱም እርሱ ነው።

ነገር ግን ይህ ስሌት የረሳው አለ። ድኻው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ያ ቤት ነው። ሀብታሙ ለቅሶውን በተከራየ አዳራሽ ያደርጋል፣ በጉን በሉካንዳ ያሳርዳል። አዳዲሶቹን ባለ ብዙ ፎቅ አፓርታማዎች የሚያስተዋውቁትን ስሙ፤ ጂም አለ፣ የመዋኛ ገንዳ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ የልጆች መጫወቻ አለ፤ ንፍሮ የሚቀቀልበት ቦታ ግን አይጠራም። እዚያ የሚኖረው ሰው አይቸገርም ይሆናል። ከስቱዲዮው የሚኖረው ጡረተኛ ግን አዳራሽ የሚከራይበት የለውም። እኛ የጥበቃ ደመወዙን ለእርሱ ስንል ሸፈንን፤ በምትኩ የሚያለቅስበትን ቦታ ወሰድንበት። ሰንበቴ ጠጪዎች ነን፤ ጽዋው ተራው የደረሰው አቅም ቢያጣ ማኅበርተኛው ሸፍኖለት፣ ስሙ ሳይነሣ ያልፋል። ይህን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የምናውቅ ሰዎች በብሎካችን መዋጮ ላይ ለምን አልሞከርነውም? ባለ ሦስት መኝታ ቤት ያለን፣ መኪና የምናቆም፣ ቤታችንን አከራይተን የምንጠቀም ጥቂት ጨምረን ብንከፍል የጥበቃው ደመወዝ ይሞላል። ሒሳቡን ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀምጠን አይተነዋል፤ ይከብዳል፣ ግን ይደርሳል።

አንድ ጥንቃቄ ላክል። ቤቱ ቢከፈት የእኛ የኦርቶዶክሳውያኑ ማኅበር ቤት ልናደርገው የሚከጅለን እንኖራለን። ይህ ስሕተት ነው። ሥዕለ አድኅኖ ልንሰቅልበት፣ የጽዋ ዕቃችንን ልንቆልፍበት አይገባም፤ ለዚያ ሰንበቴ ቤት አለን። የእማሆይን ሣጥን ያወረደው ሙስሊም ጎረቤታችን ነገ ኀዘን ቢደርስበት ሰዎቹን የሚያስቀምጠው እዚያው ነው። የእርዱ ቦታ ግን ለየብቻ ቢሆን ለሁሉም ይስማማል፤ ይህንንም ሽማግሌዎቻችን በአንድ ቡና ሊጨርሱት ይችላሉ።

የተከራዩ ውል የሚያበቃው ጥቅምት 30 ነው። ስብሰባው ከዚያ በፊት ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በመኪና ማቆሚያው ላይ ይደረጋል፤ ሌላ መሰብሰቢያ የለንምና። የእማሆይ ልጅ እንደሚመጣ ነግሮኛል። እኔም ባለፈው ለ«ይከራይ» ያነሣሁትን እጅ በዚህኛው «ይከፈት» ለሚለው አነሣለሁ፤ ስለዚያኛው ድምፄም በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።