የሞግዚት ደመወዝ ከማን ላይ ይቀነሳል?

ኑሮ ሲከብድ በየቤቱ የሚነሣ ሒሳብ አለ። «ደመወዝሽ እንደሆነ ለሠራተኛና ለታክሲ ነው የሚያልቀው፤ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ልጅሽን ብታሳድጊ አይሻልም?» ባል ይለዋል፤ አማት ትለዋለች። ውሎ አድሮ እናትየዋም አምናበት ለራሷ ትደግመዋለች። ልጇን ራሷ ማሳደግ የፈለገች እናት ምርጫዋ የተከበረ ነው። የኔ ጠብ ከሒሳቡ ጋር ነው።

ባል 15 ሺህ፣ ሚስት 12 ሺህ ብር ያገኛሉ እንበል። ሞግዚቷ 5 ሺህ ይከፈላታል። ልጁ የሁለቱ ነው፤ የቤቱ ገቢም 27 ሺህ ነው። 5 ሺው ግን ከ12ቱ ላይ እንጂ ከ15ቱ ላይ ሲቀነስ ሰምቼ አላውቅም። ታክሲዋና ምሳዋም እዚያው ላይ ይታሰባሉ። የባልየው ደመወዝም እንዲህ ቢመነዘር ብዙ አይተርፈውም፤ ግን «አንተ ለምን ትደክማለህ?» የሚለው የለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣው የዱቄት ወተትና ዳይፐርም ዋጋው አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ቤት ተቀመጪ» የሚለውን ምክር ደጋግሜ እሰማለሁ። መጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋም ቤት የሚቀረው ማን እንደሆነ በብዙ ቤት ጥያቄ እንኳ አልተነሣበትም።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ የማይገባው ነገር ብዙ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ስታዋጣ አሠሪዋ 11 በመቶ ይጨምርላታል። ስትለቅ ሁለቱም ይቆማሉ። አገልግሎቷ 10 ዓመት ካልሞላ ደግሞ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል የለም። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶላት ሥራ ስትፈልግ፣ የቅጥር ማስታወቂያው የሚጠይቃት ያቋረጠችውን የሥራ ልምድ ነው።

ሕጉም ግማሽ መንገድ ላይ ይተዋታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሰጥቷል። ከዚያ በኋላ የሦስት ወሩን ሕፃን ማን ይያዘው? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 ታዘዋል፤ የግል አሠሪው ግን በ1156 እንዲህ ያለ ግዴታ አልተጣለበትም። ፋብሪካውም ባንኩም ማቆያ እንዲከፍት፣ ብቻውን ካልቻለ ከጎረቤት ድርጅት ጋር እንዲያቋቁም በሕግ ይገደድ።

«ቤት ተቀመጪ» የሚለው ምክር ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ሴቶችን ከሥራ ያስወጣል። የቤት ሠራተኛዋ በ1156 አትሸፈንም፤ ማስጠንቀቂያም ካሳም ሳታገኝ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ልጇን ገጠር ለእናቷ ትታ የመጣች ከሆነች፣ ለዚያ ልጅ የሚላከው ብር በዚያው ወር ይቋረጣል።