ገለባ እያነደደ አገዳ ያጓጓዘው የጃቫ ባቡር ለምን ተሸነፈ?

በገጠር ልማት ሥራ ላይ የሚውል መሣሪያ ጠቃሚነት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በዋጋውና በጉልበቱ ነው። መሣሪያው የሚያገለግለው መሬት በማን እጅ እንዳለ ግን እምብዛም አይጠየቅም። በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት፣ ለመቶ ዓመት ያህል ሸንኮራ አገዳ ሲያመላልሱ የኖሩት ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች ታሪክ የዚህን ጥያቄ ክብደት በሚገባ ያስረዳል።

እነዚህ ባቡሮች የሚሄዱበት ሐዲድ ጠባብ ነው። ዋናው የጃቫ የባቡር መስመር 1067 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ የብዙዎቹ ስኳር ፋብሪካዎች መስመር ግን 700 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። አገዳው በሚቆረጥበት የበጋ ወራት ተነቃይ ሐዲድ እስከ ማሳው ውስጥ ይዘረጋል። አገዳው በፉርጎ ላይ ከተጫነ በኋላ በሬ ወይም የውሃ ጎሽ እስከ ዋናው መስመር ይጎትተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የሎኮሞቲቩ ነው። ቆረጣው ሲያበቃ ሐዲዱ ተነቅሎ መሬቱ ለሩዝ ይለቀቃል።

የባቡሮቹ ትልቁ ጥቅም የማገዶአቸው ነገር ነበር። 100 ኪሎ አገዳ ሲጨመቅ ከ25 እስከ 30 ኪሎ የሚሆን ባጋስ የተባለ ገለባ ይተርፋል። ገለባው ከመጭመቂያው ሲወጣ ግማሽ ያህሉ ውሃ ቢሆንም፣ ደርቆና ታስሮ የሎኮሞቲቩን ቦይለር ለማንደድ ይበቃል። ቶሎ ነዶ ስለሚያልቅም እሳት ቆስቋሹ እረፍት አልነበረውም፤ የሚበተነው ፍንጣሪ የደረቀውን ማሳ እንዳያቃጥል በጭስ ማውጫው ላይ መከላከያ ይደረግ ነበር። ይሁን እንጂ አገዳው የራሱን ማጓጓዣ ማገዶ ይዞ ስለሚመጣ ለናፍጣ የሚወጣ የውጭ ምንዛሪ አልነበረም።

የፍጥነት ጉዳይም ቀላል አይደለም። የተቆረጠ አገዳ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ የስኳር መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ባቡሩ ዝግተኛ ቢሆንም ብዙ ፉርጎዎችን በአንድ ጊዜ ስለሚጎትት ፋብሪካው ሥራ እንዳይፈታ ያደርግ ነበር። ከሚያዘግመው ፉርጎ ላይ አገዳ እየመዘዙ መውሰድ የተለመደ ስለነበር ግን የሚጠፋው ጥቂት አልነበረም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ማጓጓዣ ለምን ተሸነፈ? መልሱ የሚገኘው ከቦይለሩ ሳይሆን ከማሳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 አካባቢ በጃቫ ወደ 180 የሚጠጉ ስኳር ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ዓመታዊ ምርታቸውም ወደ 3 ሚሊዮን ቶን ይጠጋ ነበር። በኔዘርላንድ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ፋብሪካዎቹ የመንደሩን የሩዝ መሬት እየተከራዩ፣ የትኛው ማሳ በየትኛው ዓመት አገዳ እንደሚተከልበት የሚወስኑት ራሳቸው ነበሩ። ሐዲዱ ያዋጣው አገዳው በዚህ መንገድ አንድ ላይ ተጠቃሎ ስለተተከለ ነው። ገበሬው ግን በገዛ መሬቱ ላይ የነበረው ድምፅ አነስተኛ ነበር።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የኔዘርላንድ ኩባንያዎች ተወርሰው ፋብሪካዎቹ በኢንዶኔዥያ መንግሥት እጅ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ መመሪያ ቁጥር 9 ደግሞ የመሬት ኪራዩ ቀርቶ ገበሬው አገዳውን በራሱ መሬት ላይ በብድር እንዲያለማ ደነገገ። በተግባር የአካባቢ ሹማምንት ገበሬውን አገዳ ትከል እያሉ ያስገድዱት ስለነበር ነጻነቱ ሙሉ አልነበረም፤ መመሪያው የተሻረውም በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ያም ሆኖ አገዳው በየአቅጣጫው በትንንሽ ማሳዎች ተበታተነ። ሐዲድ ወደ እያንዳንዱ ማሳ ሊዘረጋ አይችልም፤ የጭነት መኪና ግን ይደርሳል። ከዚህም ሌላ ገበሬው የተሻለ ወደሚከፍለው ፋብሪካ አገዳውን ለመውሰድ የሚችለው በመኪና ነው።

በዚህ ምክንያት ሐዲዶቹ ቀስ በቀስ ተነቀሉ። በምሥራቅ ጃቫ የሚገኘው የኦሌያን ፋብሪካ እስከ 2000ዎቹ ዓመታት ድረስ አገዳውን ከማሳ በእንፋሎት ባቡር ሲያመጣ የቆየ ሲሆን፣ በ1861 የተቋቋመው የኮሎማዱ ፋብሪካ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። መኪናውም ቢሆን ያለ ዋጋ አልመጣም። ናፍጣ ይገዛለታል፤ በቆረጣ ወቅት በፋብሪካው በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይይዛል፤ አገዳውም ተራ ሲጠብቅ ስኳሩ ይቀንሳል። የዚህ ኪሳራ ከፊሉ የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። በጃቫ የጃቲሮቶን ፋብሪካ ያካሂድ የነበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካው በ1975 ወደ መንግሥት ዞሯል። በኢትዮጵያ ስኳር ፋብሪካዎችም ባጋስ በቦይለር ነዶ ለሥራው የሚያስፈልገውን ኃይል ያስገኛል። በወንጂ ዙሪያም በማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች ለፋብሪካው አገዳ ያቀርባሉ።

ስለሆነም ከጃቫ የሚወሰደው ትምህርት የእንፋሎት ባቡርን መልሶ ማምጣት አይደለም። በአንድ አካባቢ የተጠቃለለ እርሻ የማጓጓዣን ወጪ ይቀንሳል። ጥቅሉ በፋብሪካው ትእዛዝ ከመጣ ግን ገበሬው ዕድል ባገኘ ጊዜ ይበትነዋል። ገበሬዎች ራሳቸው በማኅበራቸው ተስማምተው ማሳቸውን ሲያቀናጁ፣ የመቁረጫ ተራቸውንም ከፋብሪካው ጋር በእኩልነት ሲወስኑ ነው ቅንጅቱ የሚጸናው። ከማጓጓዣው ምርጫ በፊት ሊታሰብበት የሚገባውም ይኸው ነው።